ቀሪ

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣
ጋሽ ላንቃሞ ዘበኛው ከፈተልን በሩን።
ከግቢው ዋርካ ላይ አንድ አባ ኮዳ ቆሞ
እንደ ጡረተኛ ርዕሰ መምህር አቀርቅሮ ከርሞ
ያየናል ቁልቁል፣
ስንት እንደመጣን ሊቆጥረን ይመስል።

አግዳሚው ሃያ ነው፤ እግሩ የጸናው አስራ አራት።
ጠመኔው የኔ ነው፤
ዳስተራችን፣ ጥንዷ የጠፋባት ካልሲዬ ናት።
ኬና ታናሽ ወንድሟን አዝላ መጣች በጀርባ፣
እናቷ ከኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ቤት እስክትገባ።
ሀሴትን አባቷ በባጃጁ አምጥቶ ደጅ ላይ አስቀመጠ፤
በረከት ከዳቶ በእግሩ፣ ግማሹን መንገድ እየሮጠ።
ማንም አላዘዛቸው። ፈተና የለ፣ ውጤት የለ፤
ሰርተፍኬት እንኳ “በጀት ሲገኝ” ተባለ።

ስም ልጥራ።
“ኬና።” አቤት። “ሀሴት።” አቤት። “ዱካሌ።”
ዝም።
“ዱካሌ ሀሜሶ።”
“ቀሪ ነው፣ ቲቸር” አለኝ አንዱ ከኋላ።
ቀሪ ብዬ ጻፍኩ። አራተኛ ቅዳሜው፤
ከስሙ ትይዩ ቀ ነው፣ ቀ ነው፣ ቀ ነው፣ ቀ ነው።

በጥቅምት ስንጀምር ሠላሳ ስምንት ነበሩ፤
መስኮቱ ላይ ሳይቀር ተቀምጠው ነው የተማሩ።
ግማሹን ዝናብ፣ ግማሹን ኳስ፣ ግማሹን የቤት ሥራ ወሰደው።
(ሦስት ግማሽ የለም፤ ኬና ብትሰማኝ በሳቅ ነው።)

የዛሬው ጥያቄ፣ ከሰሌዳው መሃል፦
“ዓሣ ሦስት ሦስት ሲታሰር አንድ ይተርፋል፤
አምስት አምስት ሲታሰር ይተርፋል ሁለቱ፤
ሰባት ሰባት ሲሆን ሦስት ነው ትርፋቱ።
ከመቶ አይበልጥም። ዓሣው ስንት ነው?”
ብዬ ዞር ስል፣ በሩ ላይ ማነው?

ዱካሌ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበት ረጥቧል፤
ክንዱ ላይ ቅርፊት እንደ ሳንቲም ያብረቀርቃል፤
ሽታው ቀድሞት ከፊት ወንበር ደርሷል።
“ይቅርታ ቲቸር፣ መረቡ ተቀደደና...”
ሀሴት አፍንጫዋን ያዘች። ኬና
ሕፃኑን ከአግዳሚው አንስታ ታቀፈችውና
ለቀቀችለት ቦታ።
እርሱ ግን አልተቀመጠም፤ ሰሌዳውን አየ ለአፍታ።

“ከሰባቱ ነው የሚጀመረው” አለ፣ “ትልቁ እስር ይቅደም።
ሦስት፣ አስር፣ አስራ ሰባት... አስራ ሰባት በሦስቱ አይሆንም...
ሃምሳ ሁለት።”
እኔ ትናንት ማታ ሙሉ ገጽ ፈጅቼበት ነበር፤
ልጁ ግን በቁሙ ጨረሰው፣ ሳይጽፍ፣ ሳይደናበር።

ከዚያ ጥያቄ አመጣ፣ ከማስታወሻዬ የሌለ፦
“ቲቸር፣ የተረፈውን ማን ይወስደዋል?” አለ።
“እ?”
“ሲታሰር የሚተርፈውን።
እኛ ጋ እስር እስሩን ነጋዴው ነው የሚወስደው፤
ለቤታችን እራት የሚሆነው ቀሪው ነው።
አባቴ ‘በስንት እንሰር?’ ሲል እኔ ነኝ የምመርጠው።
ትናንት በሰባት አልኩት።”

ክፍሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ፤
ጠመኔው በጣቶቼ መሃል ደቀቀብኝ።
ስንት ዓመት አስተማርኩ፣ ማካፈሉ ሲያበቃ
“ቀሪን ከጎን ጻፉት፣ ከዚያ እርሱት በቃ!”

መዝገቡን ገለጥኩት፤ አራተኛው ቀ ገና አልደረቀም።
ልሰርዘው ብዕሬን አነሳሁ። አልሰረዝኩትም።
ይልቅ ፊቴ ያሉትን ቆጠርኩ፣ ዱካሌን ጨምሬ፦
አስራ አንድ ናቸው ዛሬ።
ሠላሳ ስምንት ለስንት ቢካፈል ነው
አስራ አንድ የሚተርፈው?
ለሃያ ሰባት። ለሌላ ለምንም አይሆንም፤
ለሄዱት ልክ ብቻ። ደግሜ ማስላት አላስፈለገኝም።

አባ ኮዳው ከዋርካው ተነስቶ ወደ ሐይቁ ሲያቀና
“ቲቸር” አለች ኬና፣
ሕፃኑ ጠመኔ እያላመጠ ጭኗ ላይ፣
“ሃምሳ ሁለቱ በዘጠኝ ቢታሰርስ?”
ዱካሌ ወደ ላይ
አየ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤
ከዚያ ሳይታወቀው ቁጭ አለና
ከሀሴት እርሳስ ተዋሰ።